የግጥሚያው ፍጻሜ ባጭሩ ይገለጽ

ጋሽ ሦስት ኮፒ ይህን ስም ያገኙት በሥራቸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በከተማው አስተዳደር የመዝናኛ ቦታዎች ቁጥጥር ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ የመጣውን ባለጉዳይ ሁሉ ቀና ብለው ሳያዩ «ሦስት ኮፒ» ሲሉ ኖረዋል። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ሚስቱ መውለዷን ሊያበስራቸው ቢመጣ ከልማድ የተነሣ ያንኑ ብለውታል ይባላል። እሳቸው ይክዳሉ፤ ጥበቃው ግን ይምላል።

የሚስቁባቸው ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ጋሽ ሦስት ኮፒ የአዳራሽ በር ይከፈታል ሲሏቸው አያምኑም፤ በትከሻቸው ገፍተው ያያሉ። ወንበር ይቆጥራሉ፣ የእሳት ማጥፊያውን ቀን ያነባሉ፣ ለስላሳ ሲጋበዙ ተጠምቼ አልመጣሁም ብለው ይወጣሉ። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ሲኒማ ቤት በእሳት ሲያያዝ ሦስት መቶ ሰው በኋላ በር ወጥቶ ተርፏል። ያንን በር ባለቤቱን ሦስት ጊዜ አመላልሰው ያስጠገኑት እሳቸው ነበሩ። ማንም አላመሰገናቸውም፤ እሳቸውም ምስጋና የሚባል ነገር የሚሞላበት ቅጽ ስለሌለ አልጠበቁም።

እንግዲህ በዚህ ሰላማዊ ኑሮ ላይ ነው አዲሱ ደንብ የመጣው። በአንድ ጭፈራ ቤት የተዘጋጀ የትግል ውድድር ላይ ተመልካቹ ከታጋዮቹ ይልቅ ጎበዝ ሆኖ ተገኘና ወንበር ሁሉ ተሰበረ። አስተዳደሩም ተቆጥቶ በመዝናኛ ቦታዎች የሚካሄድ ማንኛውም ፍልሚያ፣ ቦክስም ሆነ ትግል፣ በፈቃድ እንዲሆን ወሰነ። ተቆጣጣሪ ይመደብለታል፤ ውጤቱ በክፍሉ ይመዘገባል፤ የስፖርት ክለቦችም ከዚህ ክፍል በተጻፈ ደብዳቤ ካልሆነ በቀር አሸነፍኩ ያለን አያምኑም። ደንቡ አሥራ አንድ ገጽ ነው። አሥራ አንዱም ገጽ ላይ ግን ፈቃዱ በምን ቅጽ እንደሚጠየቅ አልተጻፈም።

ክፍሉ ደግሞ አዲስ ቅጽ አያወጣም። አዲስ ቅጽ ለማውጣት የሚሞላ ቅጽ አለ፤ እሱ ካለቀ አራት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ እንደ ወትሮው የቴአትር ትርዒት መጠየቂያውን አወጡና «ቴአትር» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዘው ከላዩ ላይ «ፍልሚያ» ብለው ጻፉበት። የቀረው ሁሉ እንዳለ ሆነ።

የመጀመሪያው አመልካች የአንድ ትልቅ አዳራሽ ባለቤት ነበር። አዳራሹ ስብሰባም ምርቃትም ሙዚቃም ሲያስተናግድ ኖሮ ገበያው ስለቀዘቀዘበት የሴቶች ቦክስ ሊያሳይ አሰበ። ቅጹን ሲያነብ ላቡ መጣ። የድርሰቱ ባለቤት ማን ነው? ራሱን ጻፈ። በመድረክ ላይ የሚታዩ ቁሳቁሶች? ጓንት አራት፣ በርጩማ ሁለት፣ ባልዲ ሁለት። በትርዒቱ ውስጥ ጠብ የሚያነሣሣ ነገር አለ ወይ? እዚህ ላይ ብዙ አሰበና «በመጠኑ» አለ።

ቴአትር ከመታየቱ በፊት በገምጋሚ ኮሚቴ ይታያልና ሁለቱ ቡጢኞች ማክሰኞ ጠዋት ለኮሚቴው ቀረቡ። አንደኛዋ በቀን ሥራዋ ጎማ የምትጠግን፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎሚስታዋ የሚላት የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ነች። ሁለተኛዋ ከሌላ ክለብ የመጣች የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነች፤ በዕድሜ ስምንት ዓመት ታንሳለች። የጎሚስታዋ አሠልጣኝ ተጋጣሚዎች ከቀኑ በፊት እንደማይማቱ ቢያስረዳ ኮሚቴው ያላየነውን አንፈቅድም አለ። በመጨረሻ ሁለቱም በየተራ አየሩን ሩብ ሩብ ሰዓት እንዲመቱ ተስማሙ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ በጡረታ ከወጡ በኋላ መቀመጫቸውን እንዲለቁ የሚነግራቸው ጠፍቶ የቀሩ የቴአትር ገምጋሚ ነበሩ። አገጫቸውን ይዘው ተመለከቱና እንቅስቃሴው ጥሩ ሆኖ ሳለ ሰዎቹ በምን እንደተጣሉ አልገባኝም አሉ። ባለ አዳራሹ አልተጣሉም አለ። ታዲያ ለምን ይማታሉ ብለው ጠየቁት። በአስተያየት መስጫውም ላይ «የጠቡ መነሻ ግልጽ ይሁን» ተብሎ ተጻፈበት።

ያም ታለፈ። ያላለፈው ዘጠነኛው ጥያቄ ነበር። «የትርዒቱ ፍጻሜ ባጭሩ ይገለጽ» ይላል።

ባለ አዳራሹ መጀመሪያ ባዶ ትቶት መጣ። ጋሽ ሦስት ኮፒ መለሱለት። ሁለተኛ «አይታወቅም» ብሎ መጣ። ፍጻሜው ላልታወቀ ትርዒት ፈቃድ እንደማይሰጥ በትሕትና አስረድተው መለሱት። ሦስተኛ ሲመጣ ደረጃውን ወጥቶ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር። ጋሽ ሦስት ኮፒ ያን ጊዜ አዘኑለት። በሃያ ስድስት ዓመት አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ እስክሪብቶአቸውን አንሥተው ልሙላልዎ አሉት። ማን የምታሸንፍ ይመስልዎታል ብለው ጠየቁ። ጎሚስታዋ በተከታታይ አራት ጊዜ ተሸንፋለች አላቸው። እሳቸውም ማስረጃ ስላገኙ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈታቸው «በሦስተኛው ዙር ፍጻሜ መምህሯ በነጥብ ታሸንፋለች» ብለው ጻፉ። ኃላፊው ፈረመ፤ ማኅተም ተመታ።

በደንቡ መሠረት ፈቃዱ ከነይዘቱ በአዳራሹ በር ላይ ተለጠፈ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ አነበበው። አንዳንዱ ካወቅነው ምን ልናይ እንገባለን አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ ማንበብና ማየት ለየቅል ነው ብሎ ቲኬት ቆረጠ።

ጎሚስታዋ ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ቱታዋን አልለወጠችም፤ ጣቶቿ ላይ የጎማ ጥቁረት አለ። ጋሽ ሦስት ኮፒ ለባለጉዳይ ሁሉ እንደሚያደርጉት እርስዎ እያሉ ወንበር አሳዩአት። አልተቀመጠችም። ክለቡ የነገራትን ነገረቻቸው። ይህን ግጥሚያ ከተሸነፈች አምስተኛዋ ነው፤ ጓንትና መለያዋን መልሳ ከቡድኑ ትወጣለች፤ በዕድሜዋ ሌላ ክለብ አይወስዳትም። አሥራ አራት ዓመት የተማታችበት ነገር በዚህ ያበቃል። ይህ እንዳይሆን ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ ሥራ ከመግባቷ በፊት ስትሮጥ ከርማለች።

ጋሽ ሦስት ኮፒ ፈቃድ ይሻሻል ዘንድ አሥራ አምስት የሥራ ቀን እንደሚያስፈልግ ነገሯት። ግጥሚያው እሁድ ነው።

«ባሸንፍስ?» አለች።

ደንቡን ገልጠው አነበቡላት። ከተፈቀደው ይዘት የወጣ ዝግጅት ወዲያውኑ ይቋረጣል። የተቋረጠ ዝግጅት ውጤት አይኖረውም። ማቋረጥ ሲገባው ያላቋረጠ ተቆጣጣሪ በኃላፊነት ይጠየቃል።

«ተቆጣጣሪው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ወረቀቱንስ የጻፈው?»

መዋሸት አልለመዱም። «እሱም እኔ ነኝ» አሏት። «አራት ጊዜ ተሸንፈዋል ስለተባልኩ ነው።»

ጎሚስታዋ ድምፅዋን ሳታነሣ «እንግዲያው አምስተኛውን የሚያሸንፉኝ እርስዎ ነዎት» አለቻቸውና ወጣች። ጋሽ ሦስት ኮፒ ከዚያ ወዲያ የመጣውን ባለጉዳይ ምን እንዳሉት አያስታውሱም።

ከምሳ በፊት ወደ ኃላፊው ገቡ። ኃላፊው በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን የሚችል፣ ሲያነጋግራቸው ጋሼ የሚል፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ክፋቱ ፊርማውን መውደዱ ላይ ነው። የፈረምኩበት ከተሻሻለ ስሕተት ነበር ማለት ነው አላቸው። ደግሞም የቡድን መሪነቱ ቦታ ክፍት ነው፤ ባለ መስኮቱ ክፍል፤ ማኅደራቸው ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ነጥብ ያልነካው ንጹሕ ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ካስረዳቸው በኋላ መላ አመጣ። ሴትዮዋን አነጋግረው እንደ ፈቃዱ እንድትሸነፍ ያድርጉ፤ የቴአትር ሰዎች ድርሰታቸውን ያጠኑ የለ ወይ አላቸው። ቀልድ መስሏቸው ፊቱን አዩ። አልቀለደም።

ማታ ለሚስታቸው አወሯት። ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ነች፤ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ የምታወራ፣ የምትናገረውም እንደ ስፒሉ የሚወጋ ሴት። ከሲንጀሯ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሴትዮዋ ገና ሳትመታ ተመታች ብለህ ጻፍክ?»

ዘጠነኛው ጥያቄ ባዶ አይተውም አሏት።

«እኔና አንተ ስንጋባ ፍጻሜውን ማን ሞላልን?» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ጋሽ ሦስት ኮፒ ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ፤ እሷም በነጋታው ብርድ ልብሱን ጥለህልኝ ስትገላበጥ ሙሉውን ብቻዬን ለብሼ አደርኩ፣ ተመስገን አለች።

እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ ሦስት ኮፒ በሮቹን በትከሻቸው ገፍተው፣ ወንበሮቹን ቆጥረው፣ ከሪንጉ አጠገብ በተቀመጠላቸው ወንበር ላይ ፈቃዱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ተቆጣጣሪው ቆሞ እጁን ሲያነሣ ባለ አዳራሹ መብራት ያጠፋል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባለ አዳራሹ ማብሪያ ማጥፊያው ሥር ቆሞ ዓይኑን ከሳቸው ላይ አይነቅልም። ኃላፊውም ከኋላ በኩል ከሚስቱ ጋር መጥቷል፤ ቲኬት ቆርጦ ነው፣ ይህን ልንነፍገው አይገባም።

የመጀመሪያው ዙር ቃል በቃል እንደ ፈቃዱ ሄደ። መምህሯ ፈጣን ነች፤ ትገባለች፣ ትመታለች፣ ትወጣለች። ጎሚስታዋ ግራ ዓይኗ አበጠ። ጋሽ ሦስት ኮፒ በማስታወሻቸው ላይ «ከይዘቱ ጋር ይስማማል» ብለው ጻፉና የጻፉትን ሲያዩ አፈሩ። በሁለተኛው ዙር ነገሩ ተመጣጠነ። ከጎናቸው የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰውዬ በሩ ላይ አንብቦ ስለገባ በየደቂቃው አይዞሽ፣ ማለቂያው የታወቀ ነው እያለ ሚስቱን ያጽናናል።

በሦስተኛው ዙር ጎሚስታዋ ከባድ ጎማ ስትፈታ ዓመታት በኖረችበት ትከሻ አንድ ቀኝ ሰነዘረች። መምህሯ ቁጭ አለች። ዳኛው ስምንት እስኪቆጥር ተነሣች፤ ቀጠሉ። ብዙም ሳይቆይ ደገመቻት። መምህሯ ደግማ ቁጭ አለች፤ ደግማም ተነሣች። አዳራሹ ተነዋወጠ። ነጥቡ የት እንደደረሰ ለማንም ግልጽ ነበር፤ በጭናቸው ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ነው ያልሰማው። ጋሽ ሦስት ኮፒ ዘወር ሲሉ ኃላፊው በጣቱ ወደ ጣሪያው መብራት ያመለክታቸዋል።

ተነሡ። ሃያ ስድስት ዓመት ደንብ ሲያነሣቸው የኖረ ጉልበት ነው፤ ራሱ ተነሣ። ባለ አዳራሹ ማብሪያ ማጥፊያውን ያዘ። ጎሚስታዋ በዚያች በተረፈች አንድ ዓይኗ አየቻቸው። ጓንቷን ግን አላወረደችም።

ከኋላቸው አንዲት ሴት «አባት፣ ጋረዱን እኮ፣ ቁጭ ይበሉልን» አለች።

ጋሽ ሦስት ኮፒ ይቅርታ ጠየቁና ተቀመጡ። እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አስገብተው፣ በሁለቱም ላይ ተቀምጠው ደወሉ እስኪደወል ጠበቁ። ባለ አዳራሹ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ማብሪያ ማጥፊያውን እንደያዘ ቀረ። ደወሉ ሲደወል ዳኛው የጎሚስታዋን እጅ ወደ ላይ አነሣ። ወፍራሙ ሰውዬ ተጭበረበርን፣ በሩ ላይ እንዲህ አይልም ነበር እያለ ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ።

ሰኞ ጠዋት ሪፖርት የሚጻፍበት ሰዓት ነው። ኃላፊው ጋሽ ሦስት ኮፒን ጠርቶ በሩን ዘጋ። ነገሩን አስቦበት አድሮ ነበርና ፊቱ በርቷል። አንድ መስመር ብቻ ይበቃል አላቸው፤ «ዝግጅቱ በፈቃዱ መሠረት ተከናውኗል» ብለው ይጻፉ። የተጣሰ ነገር የለም፣ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ ማኅደራቸው እንደነጣ ይቀራል፣ ባለ መስኮቱ ክፍልም ከወሩ መጨረሻ በፊት።

«ለክለቡ የሚሄደው ደብዳቤስ?» አሉ።

ደብዳቤ ከዝግጅቱ ማኅደር ይወጣል፤ ማኅደሩ ላይ ያለውን ይላል አላቸው። ማኅደሩ ላይ የምትሸነፈው ጎሚስታዋ ነች። ስድስት መቶ ሰው እጇ ሲነሣ ማየቱ ክፍሉን አይመለከተውም።

ጋሽ ሦስት ኮፒ ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው የጥሰት ሪፖርት ቅጽ አወጡ። ይህም የቴአትር ነው። ዝግጅቱ ከተፈቀደው ይዘት ወጥቷል፤ አዎ። በምን? ጎሚስታዋ አሸንፋለች። ተቆጣጣሪው አቋርጦታል ወይ? አላቋረጠውም። ቀጥሎ «ምክንያት» የሚል አንዲት ጠባብ መስመር አለች። እስክሪብቶአቸው እዚያች ላይ ቆመ፤ የሻይ ሰዓት ደርሶ አለፈ። ከዚያ ጻፉ።

ኃላፊው ሲያነብ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ አያቸው። እንዲህ ይላል፦ «ቁጭ በሉ ተብያለሁ። ሆኖም ደግሜ መነሣት እችል ነበር። ያልተነሣሁት ተወዳዳሪዋ እንዲያሸንፉ ስለፈለግሁ ነው።»

ኃላፊው ሊረዳቸው ሞከረ፤ እውነት ነው፣ ሞክሯል። ታምሜ ነበር ይበሉ አላቸው። ሰዉ ጋርዶኝ አላየሁም ይበሉ። መብራቱ ሊጠፋ እምቢ አለ ይበሉ፤ ይህን እኔም እመሰክራለሁ አለ።

«ጋሼ፣ ፈለግሁ ተብሎ በመንግሥት ቅጽ ላይ ይጻፋል?»

«ሌላ ምክንያት የለኝም» አሉት።

ደንቡ በዚህ ላይ ግልጽ ነበር። ዝግጅቱ ስላልተቋረጠ ውጤቱ ይጸናል፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ ይጠየቃል። ጋሽ ሦስት ኮፒ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀበሉ፤ ባለ መስኮቱ ክፍል ከኋላቸው አሥር ዓመት ዘግይቶ ለተቀጠረ ሰው ሆነ። ሰውዬው የገባ ቀን መጋረጃ አሰቀለ። ሚስታቸው ማስጠንቀቂያውን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችና የሚወዱት ሸሚዝ ላይ የተበጠሰውን ቁልፍ ሰፋችላቸው።

ጎሚስታዋ ደብዳቤዋን ልትወስድ ረቡዕ መጣች። ግራ ዓይኗ ገና አልተገለጠም፤ ቀኙም አብጦ ጠቧል። ጋሽ ሦስት ኮፒ ማኅተሙን መትተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። ወደ ብርሃኑ አዙራ ሞከረች፤ አቀረበችው፣ አራቀችው፣ ፊደሉ ተቀላቀለባት። መልሳ ዘረጋችላቸው።

«አይታየኝም። ያንብቡልኝ» አለች።

ጋሽ ሦስት ኮፒ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በዚያ ደንብ በሚያነቡበት ድምፃቸው ጀመሩ። ቁጥሩን አነበቡ፤ ቀኑን አነበቡ፤ ጉዳዩን አነበቡ። «በዕለቱ በተካሄደው ግጥሚያ ከላይ የተጠቀሱት ተወዳዳሪ ተጋጣሚያቸውን በነጥብ አሸንፈዋል» የሚለውንም አነበቡ። በየጠረጴዛው ያሉት ጸሐፊዎች ቀና አሉ።

ጎሚስታዋ እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ነበር። አወረደችው።

«እሷን መስመር ደግመው ያንብቡልኝ» አለች።

ደግመው አነበቡላት።